ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ግን «እንዲህ አይባልም»፦ የእንግሊዝኛ የቃላት ጥምረትን እንዴት እንያዘው?

መንገደኛው

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

እንግሊዝኛ አንብቤ ለመረዳት አልቸገርም። ሰዋስውም ላይ ክፉ አይደለሁም። ለሥራ የምጽፈው ሪፖርትም ሆነ ኢሜይል በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ነገር ግን እስካሁን አልተፈታልኝም። «ስትሮንግ ዊንድ» ይባላል። «ስትሮንግ ሬይን» ግን አይባልም፤ ዝናብ ሲሆን «ሄቪ» ነው። እኛ ነፋሱንም ዝናቡንም «ኃይለኛ» ብለን እንገላገላለን። ስህተት ሲሆን «ሜክ» ይላሉ፤ የቤት ሥራ ሲሆን ደግሞ «ዱ»። ለምን እንደሆነ የጠየቅኳቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «እንዲህ ስለሚባል ነዋ!»

ነገሩ ኮሎኬሽን እንደሚባል አውቃለሁ። የቸገረኝ አጠናኑ ነው። ኢንተርኔቱ «የግድ ማወቅ ያለባችሁ ጥምረቶች» በሚሉ ዝርዝሮች ተሞልቷል። ሲሸመደዱ ይያዛሉ። ለመጻፍ ሲቀመጡ ግን ድራሻቸው ይጠፋል። ለመሆኑ ሕግ አለው? ከሌለውስ እናንተ በምን ዘዴ ያዛችሁት?

ሰባራ ብዕር

ሕግ የለውም ወንድሜ። አንብብ፣ አንብብ፣ አሁንም አንብብ። ከጊዜ በኋላ ጆሮህ ራሱ ይነግርሃል።

ተርጓሚዋ

«አንብብ» የሚለው ምክር ልክ ነው። ግን ብቻውን አይበቃም። ብዙ እያነበቡ ጥምረቱ የማይያዝላቸው ሰዎች ሞልተዋል። ምክንያቱም ስናነብ የምንፈልገው ሐሳቡን ነው። «ፔይ አቴንሽን» የሚለው ሲመጣ «ትኩረት መስጠት ማለት ነው» ብለን እናልፋለን። ግሡ «ፔይ» መሆኑን ዓይናችን አይቶታል፤ አእምሯችን ግን አልመዘገበውም። ኋላ ስንጽፍ «ጊቭ አቴንሽን» ይመጣል፤ እኛ ትኩረት የምንሰጥ ሰዎች ነንና።

የሚገርመው፣ የሚያመልጠን በደንብ የገባን ነገር ነው። ያልገባን ቃል መዝገበ ቃላት ያስገልጠናል። ጥምረት ግን ሲያነቡት ቀላል ስለሆነ ማንም ቆም ብሎ አያየውም።

ነገሩ የእንግሊዝኛ ብቻ እንዳይመስልህ ወደ ራሳችን ቋንቋ እንምጣ። ልብስ እንለብሳለን። ጫማ ግን እናደርጋለን ወይም እንጫማለን። ቀበቶ እንታጠቃለን። ሰዓት እናስራለን። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ሁሉ «ዌር» ብሎ ይጨርሳል። አማርኛ የሚማር ሰው «ጫማ ለበስኩ» ቢልህ ሰዋስዉ ላይ እንከን አታገኝበትም። ጆሮህን ግን ይቆረቁረዋል። ለምን አይባልም ብሎ ቢጠይቅህ አንተም «እንዲህ ስለማይባል» ከማለት ውጪ መልስ የለህም።

ቅጽሎቻችንም እንዲሁ ናቸው። ጨለማ ድቅድቅ ነው። ገደል ጭው ያለ ነው። ሰማይ ጥርት ያለ፣ ውሃ ኩልል ያለ። «ድቅድቅ ገደል» ብሎ የሚጽፍ የለም። እንግሊዝኛም የራሱ ድቅድቅ አለው። ጨለማው «ፒች ዳርክ» ነው። የተኛው ሰው «ፋስት አስሊፕ»፣ የነቃው «ዋይድ አዌክ» ነው። «ፋስት» እዚህ ጋ ፍጥነት አይደለም፤ ጽኑ፣ ጥብቅ የሚለው የቆየ ትርጉሙ ነው። እንዲህ ያለውን ቃል ለብቻው አጥንተህ የትም አትደርስም።

እኔ የምሠራበት መንገድ ሁለተኛ ንባብ ነው። አንድ ጽሑፍ አንብቤ ከገባኝ በኋላ አንድ አንቀጽ ብቻ መርጬ እመለስበታለሁ። በዚህኛው ዙር ትርጉም አልፈልግም። እያንዳንዱ ስም አጠገቡ የትኛውን ግሥ፣ የትኛውን ቅጽል፣ የትኛውን መስተዋድድ እንዳቆመ ብቻ አያለሁ። ከአንድ አንቀጽ ሁለት ወይም ሦስት ነገር ከያዝኩ ይበቃኛል።

ቀጥታ ተናጋሪ

ይቅርታ ይደረግልኝና ለምን ይህን ያህል እንጨነቃለን? «ሜክ ሆምወርክ» ያለ ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ የማይገባው ማን አለ? እንግሊዝኛ ዛሬ የሁሉም ቋንቋ ነው። ከተግባባን በቂ ነው።

ተርጓሚዋ

ለወሬ ከሆነ እውነትህን ነው። የሚያወራህ ሰው ፊትህን እያየ ይረዳሃል፤ ካልገባው ይጠይቅሃል። ጽሑፍ ላይ ግን አንባቢው ብቻውን ነው። ያልለመደው ጥምረት ሲገጥመው ለአፍታ ይቆማል። አንዴ ቢቆም ምንም አይደል። በየመስመሩ ከቆመ ግን ሐሳብህን ትቶ ቋንቋህን ማየት ይጀምራል። ጥሩ ሐሳብ ያለው ሰው በዚህ ምክንያት ሳይነበብ ሲቀር ከልቤ ያሳዝነኛል። ይህን ያህል የምለፈልፈውም ለዚህ ነው።

ፈተና ላይ

ለአይኤልትስ፣ ማለትም ለእንግሊዝኛ ችሎታ መመዘኛው ፈተና የምትዘጋጁ ካላችሁ ይህን ያዙ። ጽሑፉም ንግግሩም እያንዳንዱ በአራት መስፈርት ነው የሚመዘነው። አንዱ የቃላት ሀብት ነው። የባንድ 7 (ከዘጠኙ የውጤት ደረጃዎች የሰባተኛው) መግለጫ ላይ ኮሎኬሽን በስሙ ተጠርቷል። ፍጹም ሁኑ አይልም፤ መጠነኛ ግንዛቤ ይታይባችሁ ነው የሚለው። እንዲያውም የንግግሩ መግለጫ አንዳንድ ያልተስማማ አመራረጥ ቢኖርም ይፈቅዳል። ስለዚህ ከባድ ከባድ ቃል ከመደርደር ተራ ቃላትን ከትክክለኛ አጃቢያቸው ጋር መጻፍ ያዋጣል።

የጡረታ መምህር

ልጆቼ፣ ጥሩ ጉዳይ አንስታችኋል። ረዘም አድርጌ ብጽፍ ታገሡኝ።

ይህ የአሁን ግኝት አይደለም። ሃሮልድ ፓልመር የሚባል እንግሊዛዊ መምህር ጃፓን ውስጥ የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ሲያደራጅ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ እንግሊዝኛ ኮሎኬሽኖች ብቻ የሚናገር ሪፖርት አሳተመ። ሐሳቡ ዛሬም አልደበዘዘም። ተማሪው እነዚህን ጥምረቶች ከቁርጥራጭ ሊገጣጥማቸው አይገባም፤ እንደ አንድ ሙሉ ነገር ይማራቸው ነው የሚለው። በ1957 ደግሞ ጄ. አር. ፈርዝ የተባለው የቋንቋ ሊቅ፣ አንድን ቃል የምታውቀው በሚያዘወትረው ባልንጀራ ነው አለ። ይህች አባባል እስከ ዛሬ ትጠቀሳለች።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጆን ሲንክሌር የሚመራው ቡድን እጅግ ብዙ እውነተኛ ጽሑፍ ሰብስቦ በዚያ ላይ ተመሥርቶ በ1987 ኮቢልድ የተባለውን መዝገበ ቃላት አወጣ። ሲንክሌር ከዚህ ሥራ የደረሰበት ነገር ለእኛ ለመምህራን ትልቅ ነበር። ሰው ሲናገር እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ እየመረጠ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ በከፊል ተሠርተው የተቀመጡ ሐረጎችን በአንድ ምርጫ ያነሳል። አፍ የፈታበት ሰው ሳይንተባተብ የሚናገረውም አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ተማሪ ምን ያድርግ? የእኔ ምክር አጭር ነው፦ ከስሙ ተነሱ። ለመጻፍ ስትቀመጡ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ያለው ስሙ ነው። ውሳኔ፣ ችግር፣ አደጋ፣ ጥረት። የሚጠፋባችሁ ግሡ ነው። እንግዲህ ደብተራችሁን በ«ሜክ» እና በ«ዱ» ብትከፋፍሉት የሚጠፋባችሁን ነገር ራሱን መፈለጊያ አደረጋችሁት ማለት ነው። በስም ብትከፋፍሉት ግን በእጃችሁ ካለው ነገር ተነስታችሁ የጠፋውን ታገኛላችሁ።

«ሪስክ» የሚለውን እንውሰድ። ሰው አውቆ ሲደፍር «ቴክ ኤ ሪስክ» ነው። ሳይፈልገው ለአደጋ ሲጋለጥ «ረን ኤ ሪስክ» ይሆናል። አደጋውን የሚያመጣው ነገር ራሱ ባለቤት ሲሆን ደግሞ «ፖዝ ኤ ሪስክ» ነው። መቀነስ ሲሆን «ሪዲውስ»። ቅጽሉ «ሃይ» ወይም «ሲሪየስ» ነው። መስተዋድዱ «ኦፍ»። ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ፣ በአንድ ስም ሥር ይቀመጣል። ተማሪው እግረ መንገዱን ስለ አደጋ እንግሊዝኛ እንዴት እንደሚያስብ ያያል። ዝርዝር ይህን አይሰጥም።

ከእያንዳንዱ ጎን አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ካነበባችሁት የተቀዳ ይሁን እንጂ ከራሳችሁ የተፈጠረ አይሁን። ከራስ የተፈጠረው ጊዜው ኋላ ይመጣል።

መንገደኛው

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ረን ኤ ሪስክ» እና «ቴክ ኤ ሪስክ» እንዲህ እንደሚለያዩ ዛሬ ነው ያየሁት። ግን በዚህ አካሄድ የእያንዳንዱን ስም አጃቢ ሁሉ ልመዝግብ ብል ዕድሜዬ አይበቃም። ምኑን ልያዝ፣ ምኑን ልተው?

ሁለት ልሳን

የዚህ ክር ዋና ጥያቄ ይሄ ነው። የእኔ መልስ፦ አማርኛህ የሚያሳስትህን ብቻ ያዝ።

አንዳንዱ ጥምረት ከእኛው ጋር ይገጥማል። ጥያቄ እናነሳለን፤ «ሬይዝ ኤ ክዌስቸን» ነው። እርምጃ እንወስዳለን፤ «ቴክ ስቴፕስ» ነው። ቂም እንይዛለን፤ «ሆልድ ኤ ግረጅ» ነው። ሪከርድ እንሰብራለን፤ እነሱም ይሰብራሉ። እነዚህን መጻፍ ቀለም ማባከን ነው። በራሳቸው ይመጣሉ።

ሌላው ግን አይገጥምም። ናድያ ኔሰልሃውፍ የተባለች ተመራማሪ በ2003 ባወጣችው ጥናት ከፍ ያለ ደረጃ ላይ የደረሱ የጀርመንኛ ተናጋሪ ተማሪዎችን የእንግሊዝኛ ድርሰት መርምራ ነበር። ለጥምረት ስህተቶቻቸው የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ትልቅ ድርሻ እንዳለው አገኘች። ጀርመንኛ ለእንግሊዝኛ የቅርብ ዘመድ ነው። እነሱ እንዲህ ከሆኑ እኛማ ይብስብናል።

እስቲ «ጣለ» የሚለውን ግሣችንን እዩት። ዶሮ እንቁላል ትጥላለች። ግንበኛ መሠረት ይጥላል። አገሮች ማዕቀብ ይጥላሉ። ሰው ተስፋውን በአንድ ነገር ላይ ይጥላል። ዕጣ ይጣላል። ዝናብ ይጥላል። እኛ ይህን ሁሉ በአንድ ግሥ እንሠራዋለን። እንግሊዝኛ ላይ ሲደርስ ይበታተናል። እንቁላሉና መሠረቱ «ሌይ» ላይ ይገናኛሉ። ማዕቀብ «ኢምፖዝ» ነው። ተስፋ «ፒን» ይደረጋል። ዕጣ «ድሮው» ነው። ዝናብ «ፎል» ይላል።

«ያዘ»ም እንደዚሁ። ቀጠሮ እንይዛለን፤ እነሱ «ሜክ» ያደርጉታል። ማስታወሻ እንይዛለን፤ እነሱ «ቴክ» ይላሉ። ጉንፋን ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በአማርኛ የሚይዘው ጉንፋኑ ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚይዘው ሰውዬው፤ «ካች ኤ ኮልድ»። እንቅልፍ ይወስደናል፣ ፍቅር ይይዘናል። በእነሱ ዘንድ ግን ሰው ራሱ ነው የሚወድቀው፤ «ፎል አስሊፕ»፣ «ፎል ኢን ላቭ»። በእኛ ቋንቋ የሚደርስብን ነገር በእነሱ ቋንቋ የምናደርገው ነገር ይሆናል። ይህን የመሰለ ልዩነት ሲገኝ ደስ ይለኛል፤ አንዴ ያየው ሰው አይረሳውምና።

ደብተሬ ውስጥ ያሉት በሙሉ እንዲህ ዓይነቶቹ ናቸው። ቃል እንገባለን፤ «ሜክ ኤ ፕሮሚስ»። ቃላችንን እናጥፋለን፤ «ብሬክ ኤ ፕሮሚስ»። ህልም እናያለን፤ «ሃቭ ኤ ድሪም»። ተስፋ እንቆርጣለን፤ «ጊቭ አፕ ሆፕ»። በግራ አማርኛው፣ በቀኝ እንግሊዝኛው። ግራና ቀኙ ከገጠመ አልጽፈውም።

ሰባራ ብዕር

ይሄ ጥሩ ነው። እኔ «አንብብ» ያልኩትን አልተውም፤ ግን ሲያነቡ ምን እንደሚፈልጉ ማወቁ ሥራውን በግማሽ ያቀለዋል።

አዲስ ገጽ

ስለ «ሜክ» እና «ዱ» ቁርጥ ያለ መለያ ያለው ሰው ይንገረኝ። ሁልጊዜ ነው የሚያደናግረኝ።

የጡረታ መምህር

ቁርጥ ያለ የለም። ዝንባሌ ግን አለ። «ሜክ» ቀድሞ ያልነበረ ነገር ሲፈጠር ይመጣል፦ ውሳኔ፣ ዕቅድ፣ ስህተት፣ ጫጫታ። «ዱ» ሥራ ሲከናወን ይመጣል፦ የቤት ሥራ፣ ልምምድ፣ ጥናት። ታዲያ ስህተቱ ለምን «ተፈጠረ» ተባለ ብላችሁ አትከራከሩኝ። ዝንባሌ ነው ብያለሁ።

የእኛ ችግር ምንጩ «ማድረግ» ነው። ጥረት እናደርጋለን፣ ስብሰባ እናደርጋለን፣ ምርጫ እናደርጋለን፣ ውይይት እናደርጋለን፣ ጉብኝት እናደርጋለን። እንግሊዝኛ እዚህ ይለያየዋል። ጥረትና ምርጫ (ከአማራጮች አንዱን መምረጥ ማለቴ ነው) «ሜክ» ነው። ስብሰባ «ሆልድ» ወይም «ሃቭ» ነው። ውይይት «ሃቭ» ነው። ጉብኝት «ፔይ ኤ ቪዚት» ይሆናል። በእነዚህ ጥምረቶች ውስጥ ግሡ ራሱ ብዙ ትርጉም አይሸከምም፤ ትርጉሙን የተሸከመው ስሙ ነው። ለዚህም ነው ከግሡ ተነስታችሁ ልትደርሱበት የማትችሉት።

ዜና አርታኢ

እኔ የምጨምረው ሌላ ዓይነት ወጥመድ ነው። አንዳንድ ግሥ መልካም ነገር አጠገቡ አይወድም።

«ኮዝ» የሚለውን ተመልከቱ። ትርጉሙ መንስኤ መሆን ነው፤ ነገር ግን በእውነተኛ ጽሑፍ ውስጥ ከኋላው የሚመጣው ጉዳት፣ ችግር፣ ሞት፣ መዘግየት፣ ሥጋት ነው። «ኮዝ ሰክሰስ» ብሎ መጻፍ አንባቢን ግራ ያጋባል። ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት ቀላል ነው፤ እኛም አለንና። ጉዳት «ያስከትላል»፤ ጥቅም «ያስገኛል»። «በድርቁ ሳቢያ» እንላለን፤ «በጥረቱ ሳቢያ ተሸለመ» ግን አንልም።

«ኮሚት»ም አለ። ወንጀል ሲፈጸም «ኮሚት ኤ ክራይም» ነው። ይህን ያወቀ ሰው «ፈጸመ» ማለት «ኮሚት» ነው ብሎ ሊያስቀምጠው ይችላል። እኛ ግን ጋብቻም እንፈጽማለን፣ ክፍያም እንፈጽማለን። ክፍያ በእንግሊዝኛ «ሜክ ኤ ፔይመንት» ነው። ጋብቻን ከ«ኮሚት» ጋር አስጠግቶ መጻፍማ ሙሽሮቹን ወንጀለኛ ማድረግ ነው።

የባሰብኝ ግን «ከፍተኛ» ነው። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚመለሱ ጽሑፎችን ሳርም በየአንቀጹ አገኘዋለሁ። ከፍተኛ ወጪ «ሃይ ኮስት» ነው፤ እሺ። ከፍተኛ ጉዳት ግን «ሲቪር» ወይም «ሲሪየስ ዳሜጅ» ነው፤ ሰፊ ቦታ የሸፈነ ከሆነ «ኤክስቴንሲቭ»። ከፍተኛ ጥረት «ግሬት ኤፈርት» ነው። ከፍተኛ ለውጥ «ሜጀር ቼንጅ»። ከፍተኛ ባለሙያ «ሲኒየር ኤክስፐርት»። ከፍተኛ ትምህርት «ሃየር» እንጂ «ሃይ» አይደለም። «ከፍተኛ» ስትጽፉ ቆም በሉ። ከኋላው የሚመጣውን ስም እዩና በእንግሊዝኛ ያ ስም ማንን እንደሚያስከትል ጠይቁ። ይህቺን አንዲት ቃል ብቻ የተቆጣጠረ ሰው ሪፖርቱ ወዲያው ይለወጣል።

ፈተና ላይ

«ከፍተኛ» ላይ ያልከው በጣም ጠቃሚ ነው። ለብቻው ክር ይገባዋል።

ዳታ ወዳድ

እስካሁን «እንዲህ ይባላል፣ እንዲህ አይባልም» እያልን ነው። ማጣሪያ መሣሪያዎቹንም እንናገር፤ አንዳችን ሌላችንን ማመን የለብንም።

መጀመሪያ የኮሎኬሽን መዝገበ ቃላት አለ። የኦክስፎርዱ መጀመሪያ የታተመው በ2002 ነው፤ ሁለተኛው እትም በ2009 ወጣ። ተራ መዝገበ ቃላት «ዲሲዥን ምንድን ነው?» ለሚል ሰው ነው። ይሄኛው «ዲሲዥን ከማን ጋር ይሄዳል?» ለሚል ነው። ስሙን ስትከፍቱ ቅጽሎቹን ለብቻ፣ ግሦቹን ለብቻ፣ መስተዋድዶቹን ለብቻ ታገኛላችሁ። መምህር ካሉት የደብተር አያያዝ ጋር አንድ ነው።

ሁለተኛ ኮርፐስ። ኮርፐስ ማለት ለመፈለጊያ እንዲመች ሆኖ የተከማቸ እውነተኛ ጽሑፍና ንግግር ነው። የእንግሊዙ ብሔራዊ ኮርፐስ 100 ሚሊዮን ያህል ቃላት አሉት፤ የተሰበሰበው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ኮካ የሚባለው የአሜሪካው ከ1 ቢሊዮን ቃላት በላይ ይዟል፤ ከ1990 እስከ 2019 ያለውን ይሸፍናል። ንግግር፣ ልብ ወለድ፣ መጽሔት፣ ጋዜጣ፣ የምርምር ጽሑፍ ተለይተው ስለተቀመጡ አንድ ጥምረት የት እንደሚዘወተር ያሳያችኋል። ለጀማሪ ግን ገጹ ይከብዳል። ስኬል የሚባለው ነፃ ገጽ ይቀላል። ቃሉን ስትጽፉ ምሳሌ ዓረፍተ ነገሮችን ይሰጣችኋል፤ አጃቢዎቹንም በየወገናቸው ይደረድርላችኋል።

ሁለት ጥምረት ማወዳደር ብቻ ከፈለጋችሁ የጉግል ኤንግራም ይበቃል። መጻሕፍት ውስጥ የትኛው እንደሚዘወተር በየዓመቱ በመስመር ይስልላችኋል። ከቃሉ ቀጥሎ የኮከብ ምልክት ብታስገቡ በዚያ ቦታ በብዛት የሚመጡትን አሥር ቃላት ያወጣል። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ተራ የኢንተርኔት ፍለጋ ላይ የሚታየውን የውጤት ብዛት ግን እንደ ማስረጃ አትያዙት። ግምት ነው። ደግሞም ማን እንደጻፈው አይነግራችሁም።

አዲስ ገጽ

ቻትቦት ብጠይቀውስ? ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያስተካክልልኛል።

ዳታ ወዳድ

ጽሑፉን ያስተካክልልሃል። አንተን ግን አያስተምርህም፤ የተስተካከለው ውስጥ ምን እንደተቀየረ ካላየህ ያው ነው። «ከዚህ ስም ጋር የሚሄዱ ግሦች ስጠኝ» ብለህ ጠይቀው። የሰጠህንም ኮርፐስ ላይ አረጋግጥ። ያኔ ይጠቅምሃል።

ቀጥታ ተናጋሪ

እሺ፣ «ከተግባባን በቂ ነው» ያልኩትን ለጽሑፍ ሲሆን ትቼዋለሁ። ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሁንልኝ። «ቴክ ኤ ዲሲዥን» የሚል የእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ አይቻለሁ። እዚህ ደግሞ ሁላችሁም ውሳኔ «ሜክ» ነው ትላላችሁ። ታዲያ የትኛው ነው ትክክል?

ተርጓሚዋ

ሁለቱም ትክክል ናቸው። «ሜክ» በሁሉም ዘንድ ይሠራል። «ቴክ» በእንግሊዞቹ በኩል የሚሰማ ነው። ሌሎችም አሉ። እንግሊዞቹ ፈተና «ሲት» ያደርጋሉ፤ «ቴክ» ግን የትም ያስኬዳል። ሻወር ላይ እንግሊዞቹ «ሃቭ»፣ አሜሪካኖቹ «ቴክ» ያዘወትራሉ። አንዱን መርጠህ ጽሑፍህ ውስጥ አትቀላቅለው እንጂ በዚህ አትጨነቅ። የሁለቱም ወገን አንባቢ ይገባዋል፤ አይቆረቁረውምም።

መንገደኛው

የተማርኩትን ልሞክር። ከዚህ በታች ያሉት አማርኛው በጭንቅላቴ የሚመጣበት መልክ ናቸው። እንግሊዝኛቸውን ገምቼ ጽፌያለሁ፤ እዩልኝ።

ስብሰባ አደረግን፦ «ዊ ሄልድ ኤ ሚቲንግ»።
ዝናቡ ከፍተኛ ጉዳት አስከተለ፦ «ሄቪ ሬይን ኮዝድ ሲሪየስ ዳሜጅ»።
ለጉዳዩ ትኩረት ሰጠን፦ «ዊ ፔይድ አቴንሽን ቱ ዘ ኢሹ»።
ትልቅ ትምህርት አገኘን፦ «ዊ ጎት ኤ ቢግ ሌሰን»።
መደምደሚያ ላይ ደረስን፦ «ዊ ሪችድ ኤ ኮንክሉዥን»።

ዜና አርታኢ

ከአራተኛው በስተቀር ሁሉም ያልፋል። እዚያ ላይ አማርኛው መርቶሃል፤ እኛ ትምህርት እናገኛለን። «ሌሰን» ግን «ለርን» የሚለውን ነው የሚፈልገው። ቅጽሉም «ቢግ» ከሚሆን «ቫልዩብል» ቢሆን ይሻላል፤ «ዊ ለርንድ ኤ ቫልዩብል ሌሰን»። ሦስተኛው ልክ ነው፤ ለሪፖርት ከሆነ ግን «ክሎዝ አቴንሽን» ብትለው ይጠነክራል። አቴንሽን ላይ «ሃይ» እንዳትጨምር ብቻ።

ሁለት ልሳን

አምስተኛው ደግሞ ከእኛው ጋር ስለሚገጥም ደብተር ላይ አያስፈልግህም። አራተኛውን ጻፈው። መለማመጃ ካርድ የምትሠራ ከሆነ በአንዱ ገጽ አማርኛውን፣ በሌላው ሙሉ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አድርግ። ግሡ ያለበትን ቦታ ባዶ ተወው። ስሙ ተሰጥቶህ ግሡን እየፈለግህ ስትለማመድ ነው ለመጻፍ ስትቀመጥ የሚመጣልህ። ዝርዝር ሸምድደህ የጠፋብህም ለዚህ ይመስለኛል። ያጠናኸው እያየኸው ነው፤ ስትጽፍ ግን የሚያስፈልግህ ሳታየው ማምጣት ነው።

ዘግይቶ የመጣ

ሙሉውን አሁን አነበብኩት፤ ሁላችሁም ተባረኩ። አንዲት ጥያቄ ብቻ። የመመረቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ጥናት «ሜክ» ነው ወይስ «ዱ»? አማካሪዬ «ዱ ሪሰርች» የሚለውን ሰረዘብኝ።

የጡረታ መምህር

«ዱ ሪሰርች» ልክ ነው፤ የንግግር ነው። አማካሪህ የሰረዘው ለመመረቂያ ጽሑፍ ስለቀለለበት ይሆናል። እዚያ «ኮንዳክት» ወይም «ካሪ አውት» በል። «ሜክ» አይሆንም። «ሪሰርች» ላይ ደግሞ የብዙ ቁጥር «ኤስ» አትጨምርበት። «ብዙ ጥናቶች» ለማለት ከፈለግህ «ሜኒ ስተዲስ» ብለህ ጻፍ።